ያልተገኘ ወርቅ የማን ነው?

የሠላሳ ዓመት ወዳጄ የሆነ ሰው፣ ፎልስ ቸርች ውስጥ ዘወትር ቅዳሜ በምንገናኝበት ቡና ቤት፣ ዐሥራ ሁለት ገጽ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አምጥቶ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ጠየቀኝ። ጽሑፉ የአንድ አነስተኛ የወርቅ ፍለጋ ኩባንያ መግለጫ ነው። ኩባንያው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከሱዳን ጠረፍ በማይርቅ ሥፍራ፣ የምርመራ ፈቃድ ለማውጣት ያስባል፤ ለጅምሩ የሚሆነውን ገንዘብም በዋሽንግተን አካባቢ ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን ለማሰባሰብ ፈልጓል። ወዳጄ ከጡረታ ገንዘቡ ቀንሶ ድርሻ ለመግዛት ቆርጧል፤ እኔም እንድገዛ ይመክረኛል። ጊዜውም የሚገፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 ዶላር አልፏል፤ አንድ አውንስ ማለት ደግሞ ከ31 ግራም ጥቂት ከፍ የሚል፣ በሁለት ጣት የሚያዝ ነገር ነው።

ትርጉሙን ጀምሬ አጋማሹ ላይ ቆምሁ። የአካባቢው ነዋሪዎች ከዐሥራ ሁለቱ ገጾች በአንዱ ላይ ብቻ ተጠቅሰዋል፤ እርሱም ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ጉልበት ሠራተኛ በሚዘረዝር ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወዳጄን፣ «ለመሆኑ እዚያ ለሚኖሩት ሰዎች ተነግሯቸዋል?» አልሁት። ሣቀብኝ። «አንተ ሰው፣ ገና ምንም ሳይገኝ ምን ተብሎ ይነገራቸዋል?» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የተደረገ ሙከራ ነው። ጥያቄው በቀልድ መልክ ቢነገርም፣ የብዙ ሐቀኛ ሰዎች እምነት በውስጡ አለ። ያልተገኘ ነገር የማንም አይደለም፤ የማንም ያልሆነውን የፈለገም ማንንም አልበደለም የሚል እምነት ነው።

በመጀመሪያ ለወዳጄ ክርክር ተገቢውን ክብደት ልስጠው። ወርቅ መፈለግ ወርቅ ማውጣት አይደለም። ፈላጊው መጀመሪያ ከየወንዙ ደለል እፍኝ እፍኝ አሸዋ ያነሣል፤ ቀጥሎ ሜዳውን እንደ ዳማ ሰሌዳ ከፋፍሎ አፈር ይለቅማል፤ ምልክት ካገኘ ቦይ ይቆፍራል፤ በመጨረሻም መሰርሰሪያ አቁሞ ከምድር ሆድ ቀጭን የድንጋይ ዘንግ ያወጣል። የሚፈልገውም የሚያብለጨልጭ ነገር አይደለም። በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ አንድና ሁለት ግራም፣ ያውም ብዙ ጊዜ ለዓይን የማይታይ ወርቅ ቢያገኝ በቂው ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ፍለጋዎች አብዛኞቹ ወደ ማዕድን ማውጫነት ሳይደርሱ ይቀራሉ። እንግዲህ እፍኝ አሸዋ አንሥቶ የሄደ ሰው ማንን ጎዳ? ገበሬው እርሻውን ያርሳል፤ ወንዙም እንደ ወትሮው ይፈስሳል።

ይህን ሁሉ ካመንሁ በኋላ ግን የመግለጫው ቃላት እንቅፋት ሆኑብኝ። መግለጫው አካባቢውን ደጋግሞ «ሩቅ» ይለዋል፤ «በቅጡ ያልተመረመረ» ይለዋል። ሩቅነቱ ከየት ተነሥቶ ተለካ? ኩርሙክ ወይም መንጌ፣ ወንዝ ዳር ገበቴዋን ይዛ ወርቅ ለምታጥብ የበርታ ሴት፣ ሩቁ አዲስ አበባ ነው፤ ፎልስ ቸርች ደግሞ ከሩቅም ወዲያ ነው። «ያልተመረመረ» የሚለው ቃል ይበልጥ ያስቸግራል። ያ ምድር የሰው ዓይን ካረፈበት ቢያንስ 1,500 ዓመት ሆኖታልና።

በ6ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል ወደ ሳሱ ስለሚልካቸው ወርቅ ገዢዎች ጽፏል። ብዙ ሊቃውንት ሳሱን ከዛሬዋ ቤኒሻንጉልና ከጎረቤቷ ፋዞግሊ አካባቢ ያስጠጓታል። ነጋዴዎቹ በሬ፣ አሞሌና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ ከቦታው ሲደርሱ ዙሪያቸውን በእሾህ ያጥራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው የግብጦ ፍሬ የሚያህል ወርቅ በወደዱት ዕቃ ላይ አስቀምጠው ፈቀቅ ይላሉ። ባለ ዕቃው ወርቁን አይቶ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ይተወዋል። ያን ጊዜ ባለ ወርቁ ተመልሶ ወይ ይጨምራል፣ ወይም ወርቁን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ አንድ ቃል ነው፤ ምክንያቱን ኮስማስ ሲናገር ቋንቋቸው ስለማይገናኝና አስተርጓሚ ስለሌለ ነው ይላል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ፈላጊዎች እንዲህ አልታገሡም። የግብፁ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከዓላማዎቹ ዋነኞቹ ባሪያና ወርቅ ነበሩ። ኦስትሪያዊውን የምድር ሊቅ ሩሰገርን ወደ ፋዞግሊ ላከው፤ በ1838 መጨረሻ ደግሞ በሽምግልናው ራሱ ወርቁን ሊያይ ወደዚያው ተጓዘ። ያሰበውን ያህል አላገኘም። በእኛም በኩል፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ መኰንን መሪነት ቤኒሻንጉልን ካስገበረ በኋላ፣ የአካባቢው ሼኮች ወርቅ ይገብሩ ነበር። ሰውም ተገብሯል፤ ይህን የታሪካችንን ገጽ አልፈን ሌላውን ብቻ ማንበብ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ2012 አስኮም የተባለ የግብፅ ኩባንያ በኩርሙክ ወረዳ፣ በዲሽ ተራራ፣ የወርቅ ክምችት ማግኘቱን አሳወቀ። መሐመድ ዓሊ በዚያው አቅጣጫ ፈልጎ ያጣውን፣ ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ የአገሩ ኩባንያ አገኘው።

ስለዚህ «ያልተመረመረ» ማለት በአዲሱ መሣሪያ፣ በአዲሱ መለኪያ ያልተመረመረ ማለት ነው። በዚህ ትርጉሙ ቃሉ እውነት ነው፤ አልከራከረውም። ክፋቱ ግን ከመለኪያው ላይ አይቆምም፤ ወደ ሰዉ ይሻገራል። ማንም ያልመረመረው ምድር፣ ማንም የማያውቀው ምድር ይመስላል፤ ማንም የማያውቀው ደግሞ ማንም የሌለበት ይመስላል። ከዐሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ ሰው በሰንጠረዥ ብቻ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ያ ገና ያልተገኘ ወርቅ የማን ነው? የመጀመሪያው መልስ የሕጉ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መልካም ነው፤ ሆኖም «ሕዝብ» ሲባል በየአፉ ልዩ ልዩ ነው። አዲስ አበባ ላለው ባለሥልጣን መላው አገር ነው፤ አሶሳ ላለው ክልሉ ነው፤ ወንዝ ዳር ላለችው ሴት መንደሯ ነው። ሁለተኛው መልስ የድካም ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ሰው ከጋራው ሀብት ጉልበቱን የቀላቀለበት ነገር የራሱ ይሆናል ብሎ አስተማረ፤ ፈላጊውም በዚህ ይመካል። ግን ሎክ ራሱ ለሌሎች በቂና የማያንስ ከተረፈ ነው ብሎ ገደብ አበጅቶለታል፤ ወርቅ ደግሞ አንድ ጊዜ ከወጣ አይተካም። በድካም ከሆነም፣ በገበቴ ያጠቡት እናቶችና አያቶች ቀድመው ደክመዋል። ሦስተኛው መልስ የቀደምትነት ነው፤ ቀድሞ የሰፈረ ባለቤት ነው ይላል።

ይህን ሦስተኛውን መልስ ስጽፍ እጄ ከበደኝ። «አገሩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚያው ክልል ምን እንዳስከተለ እናውቃለንና። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ በተባለች መንደር በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያ ዞን ለዓመታት አማራው፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው፣ አገውና ጉሙዙ በየተራ አልቅሷል። ወርቁ የማን ነው ብሎ የሚጀምር ክርክር፣ በእኛ አገር፣ አንተ የማን ነህ ወደሚል ጥያቄ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ስለዚህ የዚህን ጽሑፍ ርእስ ራሴ ልሻር። ከባለቤትነት በፊት የሚመጣ፣ ደም የማያቃባና ቶሎ ሊመለስ የሚችል ሌላ ጥያቄ አለ፤ ስለ ፍለጋው ማወቅ የሚገባው ማን ነው?

የዓለም ገበያ ይህን ጥያቄ ከፊሉን መልሶታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብሬ ኤክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ፣ በኢንዶኔዥያ የቦርኒዮ ደን ውስጥ፣ ቡሳንግ በተባለ ሩቅ ሥፍራ ከ70 ሚሊዮን አውንስ በላይ ወርቅ አለኝ አለ። የኩባንያው ዋጋ ወደ 6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ወጣ። በ1997 ሲመረመር፣ በተፈጨው ናሙና ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ ወርቅ ተነስንሶበት ነበር፤ ቡሳንግ ባዶ ነበረች። ከኩባንያው ምድር መርማሪዎች አንዱ ዴ ጉዝማን ውጤቱ ሊወጣ ሲል ከሄሊኮፕተር ወድቆ ሞተ። የኦንታሪዮ መምህራን የጡረታ ፈንድን ጨምሮ ብዙዎች ገንዘባቸውን አጡ። ካናዳ ከዚህ ተምራ በ2001 43-101 የተባለውን ደንብ አወጣች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ገበያ ድርሻ የሚሸጥ ኩባንያ የእያንዳንዱን ጠቃሚ ጉድጓድ ውጤት፣ ብቃቱ በታወቀ ባለሙያ አስመስክሮ፣ መጥፎውንም ሆነ ደጉን ለባለ ድርሻው መግለጥ አለበት።

እዚህ ላይ ወዳጄን ልመልሰው። «ገና ምንም ሳይገኝ ምን ይነገራል?» ለሚለው ቶሮንቶ መልስ ሰጥታለች፤ ምንም እንዳልተገኘ ይነገራል። ባለ ገንዘቡ ከመጀመሪያዋ እፍኝ አሸዋ ጀምሮ እውነቱን የማወቅ መብት አለው፤ የሚያጣው ገንዘብ ስላለ ነው። ታዲያ ማሽላው መካከል መሰርሰሪያ የሚቆምበት ገበሬ የሚያጣው የለውም? ስለ ቡሳንግ ባለ ድርሻዎች ኪሳራ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ከተማ ይሆናል በተባለው ደን ውስጥ ይኖሩ ስለነበሩት ዳያኮች ያነበብሁት ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ናሙና፣ አንድ ውጤት ሆኖ ሳለ፣ ዜናው 10,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባለ ድርሻውን ሲያገኝ፣ መቶ እርምጃ ተጉዞ ጎረቤቱን አያገኝም። ጥፋቱ ያለው ከዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን፣ አጠገባችን ያለውን እንይ። የምንኖርባት ቨርጂኒያ ከካሊፎርኒያ የወርቅ ግርግር በፊት ከታወቁት የአሜሪካ ወርቅ አምራቾች አንዷ ነበረች። ከፎልስ ቸርች በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስኬደው በበኪንግሃም አውራጃ፣ አስተን ቤይ የተባለ የካናዳ ኩባንያ በግል የደን መሬት ላይ ወርቅ ፍለጋ ሲሰረስር ቆይቶ፣ ነዋሪዎቹ ነገሩን ያወቁት በ2020 ነው። ሕግ አልተጣሰም፤ በቨርጂኒያ ለወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ የግዛቱ ፈቃድ አያስፈልግም ነበርና። ነዋሪዎቹ፣ ጥቁርም ነጭም፣ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው፤ ጮኹ። የግዛቱ ምክር ቤት በ2021 ጥናት እንዲደረግ አዘዘ፤ በ2022 የወጣው የብሔራዊ አካዳሚዎች ጥናትም የቨርጂኒያ ቁጥጥር በቂ አይደለም ሲል ደመደመ። ልብ እንበል፤ እነዚህ ሰዎች የጮኹት ወርቁ የእኛ ነው ብለው አልነበረም። ሳይነገረን ለምን አሉ።

ወዳጄ እዚህ ላይ የሚያነሣቸው ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ አስቀድሞ መናገር ከንቱ ተስፋ ያስነሣል፤ ወርቅ አለ የተባለበት ቦታ ሺሕ ሰው ይጎርፋል፤ ነጋዴና ታጣቂ ይከተላል የሚል ነው። እውነት አለው። ነገር ግን ዝምታ ወሬን አግዶ አያውቅም። እንግዳ መኪና ቆሞ አፈር በከረጢት ሲሞላ ያየ መንደር፣ ምክንያቱን ካልነገሩት ራሱ ይፈጥርለታል፤ የሚፈጥረውም ከእውነቱ የገዘፈ ነው። ከንቱ ተስፋን የሚያከስመው «ምናልባት ምንም አናገኝም» የሚለው እውነተኛ ቃል ነው፤ ያንን ደግሞ ሊናገር የሚችል ፈላጊው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜን የሚመለከት ነው። ሲገኝ እንነግራቸዋለን፤ ያን ጊዜ የምንመክርበት ጭብጥ ይኖረናል ይላል። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ወርቅ ከተገኘ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ ተወስኗል። ሚሊዮኖች ወጥተዋል፤ መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ቆጥሯል፤ ባለ ድርሻው ይጠብቃል። ያን ጊዜ እንቢ የሚል ገበሬ የልማት ጠላት ይባላል። ለገደምቢን እናስታውስ። በጉጂ ምድር፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው ይህ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ። ነዋሪዎቹ ልጆቻችን አካላቸው ጎድሎ እየተወለዱ ነው፣ ከብቶቻችንም እየሞቱ ነው ብለው አደባባይ ወጥተው ድምፃቸው የተሰማው በ2018 ነው፤ ፈቃዱም በዚያው ዓመት ታገደ፤ በ2021 ሥራው ተመለሰ። ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣ እንቢታ ዋጋው ለሁሉም ወገን ከባድ ነበር። በሳሱ እሾህ አጥር ላይ ግን እንቢታ ምንም አያስከፍልም ነበር፤ ወርቁን አንሥቶ መሄድ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ንግድ ማሞገሴ አይደለም። ነጋዴዎቹ የታጠቁ፣ የንጉሥ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ሳይተማመኑና ሳይነጋገሩም ቢሆን፣ እንቢ የሚባልበትን ጊዜ ከውሉ በፊት አኑረውት ነበር። እኛ ቋንቋም አስተርጓሚም ሞልቶልን ከውሉ በኋላ አደረግነው።

ፍለጋ ገና ጅምር መሆኑ ዝም ለማለት ምክንያት ሲደረግ ቆይቷል፤ እኔ ግን ለመናገር ከሁሉ የተሻለው ምክንያት እርሱ ነው እላለሁ። ማንም ገና ያልከሰረበት፣ ማንም ገና ያልበለጸገበት፣ እሺም እንቢም በእኩል ዋጋ የሚገኙበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ያ መብት ትርጉም የሚኖረው ጥያቄው መልስ ሊቀይር በሚችልበት ሰዓት ከቀረበ ነው።

ይህን ስል ማዕድን አይውጣ ማለቴ አይደለም። በ2017 የበጀት ዓመት አገሪቱ ከውጭ ንግድ ካገኘችው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ውስጥ ወርቅ ከ3 ቢሊዮን በላይ አስገብቷል፤ መድኃኒትና ነዳጅ የሚገዛው በዚህ ነው። በባህላዊው መንገድ የሚቆፍሩትም በተናደ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ፤ በባዶ እጃቸው ሜርኩሪ ይነካሉ። ያን ኑሮ ከሩቅ ሆኖ ማወደስ፣ ራሱን የቻለ ንቀት ነው። የመንደሩ ሰዎች ቢጠየቁ እሺ ሊሉ ይችላሉ፤ ምናልባትም ከእኛ ቀድመው። እኔ የማነሣው መልሱን ለእነርሱ እንተውላቸው የሚለውን ብቻ ነው።

እኛ ስደተኞች ደግሞ ይህን ለመረዳት ከማንም የቀረብን ነበርን። አብዛኞቻችን ከአገር የወጣነው ስለ ራሳችን ዕጣ ሳንጠየቅ ነው። መሬቱ ሲወረስ፣ ጦርነቱ ሲታወጅ፣ ድንበሩ ሲሰመር የጠየቀን አልነበረም። በዚህ አገር አደባባይ ባነር ይዘን የምንቆመው ስለ አገራችን ልንጠየቅ ይገባል ብለን ነው፤ አምባሳደር ስንከስስ፣ ለእንደራሴዎች ደብዳቤ ስንጽፍ መነሻችን ይኸው ነው። ታዲያ ያ ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ጥቂት ዶላር ቆጥቦ ድርሻ ሲገዛ፣ በገዛው ምድር ላይ ያለውን ሰው ሳይጠይቅ ሊያልፍ ነው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላል ያገራችን ሰው። ያ ምድር ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ወርቁን ሲያበድር ኖሯል፤ እስካሁን የከፈልነውም አብዛኛው ጠጠር ነው።

ትርጉሙን ጨርሼ ለወዳጄ ስሰጠው ከመጨረሻው ገጽ በኋላ አንድ ገጽ ጨመርሁበት። ለቦታው ሰዎች በበርታኛም በጉሙዝኛም ሊነበብ የሚችል፣ አጭር ነገር ነው። ማን እንደሆንን፣ ምን እንደምንፈልግ፣ ምናልባት ምንም እንደማናገኝ፣ ካገኘን ውሃችሁና እርሻችሁ ምን ሊደርስበት እንደሚችል፣ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ውጤት ለባለ ድርሻዎች በምንናገርበት ቀን ለእናንተም እንደምንናገር፣ በመጨረሻም ከመጀመራችን በፊት አትምጡብን ልትሉን እንደምትችሉ ይናገራል። ኩባንያው ይህን ገጽ ከተቀበለ ድርሻ እገዛለሁ አልሁት።

ወዳጄ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቡናው ቀዘቀዘበት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እንቢ ቢሉስ?» አለኝ።

ስለእነዚያ ሰዎች ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። «ያን ጊዜ» አልሁት፣ «አንተም ጡረታህ አለልህ፤ እነርሱም ወንዛቸው አለላቸው።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ለኩባንያው ይስጠው አይስጠው ገና አልነገረኝም።